መስቀል በክብ ውስጥ፦ 9 ፓይ ለምን ያታልላል

ላሊበላ ላይ ቤተ ጊዮርጊስን ከአፋፉ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው የዚህን ጥያቄ ሥዕል ያውቀዋል፤ አራቱም ክንዱ እኩል የሆነ መስቀል ነው። (የቤተ ክርስቲያኑ ልኬት እንዲህ በካሬ የተሸነሸነ አይደለም፤ የተዋስነው ቅርጹን ብቻ ነው።) ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ለምትዘጋጁ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ጥያቄው ይኸው፦

አምስት እኩል ካሬዎች ተጋጥመው መስቀል ሠርተዋል። የመስቀሉ ዙሪያ 24 ሳ.ሜ. ነው። በስምንቱ የውጭ ማዕዘኖች የሚያልፈው ክብ ስፋቱ ስንት ካ.ሳ.ሜ. ነው?

ሀ. 9 ፓይ   ለ. 10 ፓይ   ሐ. 18 ፓይ   መ. 40 ፓይ

መጀመሪያ ዙሪያው። አምስት ካሬ አራት አራት ጎን አለው ብሎ 24ን ለ20 የሚያካፍል አይጠፋም። የመሀሉ ካሬ ግን በአራቱም በኩል ተጋጥሟል፤ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ሁለት ጎን ይውጣል። ከ20 ላይ 8 ሲቀነስ 12 ይቀራል፤ 24 ለ12 ሲካፈል የአንዱ ካሬ ጎን 2 ሳ.ሜ. ይሆናል።

ክፉው ወጥመድ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መስቀሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 6 ሳ.ሜ. ስለሆነ እጅ ሳያስበው ዲያሜትር 6፣ ሬዲየስ 3፣ ስፋት 9 ፓይ ብሎ ይጽፋል። ይህ ክብ የክንዶቹን ጫፍ መሀል ላይ ነክቶ ያልፋል፤ ማዕዘኖቹ ውጭ ቀርተዋል። ትክክለኛው ሬዲየስ 3.16 ሳ.ሜ. ገደማ ነው፤ ልዩነቱ 1.6 ሚሊሜትር ብቻ። በእጅ የተሣለ ሥዕል ላይ ይህን ያህል ክፍተት ዓይን አይለየውም። የተጠራጠረ በማስመሪያ ይሣለውና ኮምፓሱን 3 ሳ.ሜ. ከፍቶ ያዙረው፤ ስምንቱ ማዕዘኖች ብቅ ብለው ያያቸዋል።

እንግዲህ ከላይ ጫፍ እስከ ታች ጫፍ የቆመውን ክፍል ብቻውን ነጥላችሁ እዩት። ሦስት ካሬ የተደረደሩበት፣ 2 በ6 የሆነ ሬክታንግል ነው። አራቱም ማዕዘኖቹ ክቡ ላይ ስላረፉ ዲያጎናሉ ራሱ ዲያሜትሩ ነው። በፓይታጎረስ 4 + 36 = 40፤ ዲያሜትሩ √40 ሆነ። ካልኩሌተር በሌለበት √40ን ወደ ዴሲማል ለመቀየር መታገል ከንቱ ድካም ነው፤ ለስፋት የሚያስፈልገን ሬዲየሱ በራሱ ሲባዛ ስለሆነ 40ን ለ4 ማካፈል ይበቃል። መልሱ 10 ፓይ። ለ2 ያካፈለ 20 ፓይ ያገኝና ምርጫው ውስጥ ያጣዋል፤ ጭራሽ ያላካፈለው ደግሞ 40 ፓይን ያከብባል።

18 ፓይ የሚመጣው መስቀሉን በ6 በ6 ካሬ ከቦ የዚያን ዲያጎናል ከወሰደ ሰው ነው። የትልቁ ካሬ ማዕዘኖች ባዶ ቦታ ላይ ናቸው፤ መስቀሉ አይደርስባቸውም።

ሰዓት ካጠረ ይኸው ስሕተት ይጠቅማል። የእኛ ክብ የክንዶቹን ጫፍ ከሚነካው ክብ ይበልጣል፤ ትልቁን ካሬ ከሚከበው ያንሳል። ስለዚህ ከ9 ፓይ በላይ፣ ከ18 ፓይ በታች መሆን አለበት፤ ከምርጫዎቹ እዚያ መሀል ያለው አንድ ብቻ ነው። ስፋት በማነጻጸር ግን 9 ፓይን መጣል አይቻልም፤ መስቀሉ 20 ካ.ሳ.ሜ. ነው፣ 9 ፓይ ደግሞ 28 ገደማ፣ የሚበቃ ይመስላል።

ጥያቄው ተገልብጦ የክቡ ስፋት 40 ፓይ ነው፣ የመስቀሉስ? ቢል፣ ሬዲየሱ በራሱ ሲባዛ 40፣ ዲያሜትሩ በራሱ ሲባዛ 160 ነው። ይህ የአንዱ ካሬ ስፋት አሥር እጥፍ ነው (የሬክታንግሉ ጎኖች የካሬው ጎን 1 እና 3 እጥፍ ስለሆኑ፣ በፓይታጎረስ 1 + 9)። አንዱ ካሬ 16፣ አምስቱ 80 ካ.ሳ.ሜ.።