ዲቪ ይዤ አሜሪካ ስገባ

ቪዛው ፓስፖርት ላይ ሲለጠፍ ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስላል። ግን ገና ነው። አገር የሚያስገባው ኤርፖርት ላይ ያለው መኮንን ነው። ስለዚህ እዚያ ቆማችሁ የምትጠየቁትን ከቤታችሁ ተዘጋጅታችሁ ሂዱ።

እኔ ከኤምባሲው የተሰጠኝን የታሸገ ፖስታ ከእጅ ቦርሳዬ አላወጣሁትም። የሚከፍተው መኮንኑ ብቻ ነው። ዘመድ «እስቲ እንየው» ቢላችሁ እንኳ እሺ እንዳትሉ። ሰነዳቸው በኮምፒውተር ስለተላለፈ ፖስታ የማይሰጣቸውም አሉ፤ እሱ አያስደነግጥም። የግሪን ካርዱን ክፍያ፣ ያኔ 235 ዶላር ነበር፣ ከመነሳቴ በፊት በኢንተርኔት ጨረስኩ።

ዋሽንግተን ዱለስ ስንደርስ አሻራና ፎቶ ተነሳን። ከዚያ አዲስ ገቢዎች ወደሚጠብቁበት ክፍል ወሰዱን። አጠገቤ የነበሩ እናት እንግሊዝኛ አይችሉም። ለተጠየቁት ሁሉ «የስ» ይላሉ። ሥጋ ይዘዋል ወይ ሲባሉም «የስ»! ሻንጣቸው ውስጥ ያለው በርበሬና ሽሮ ነው። መኮንኑን አስፈቅጄ አስተረጎምኩላቸውና ነገሩ ወዲያው ተስተካከለ። እባካችሁ እናት አባቶቻችሁን «አማርኛ፣ አስተርጓሚ» የምትለዋን በእንግሊዝኛ አስጠንታችሁ ላኳቸው። ያልገባን ነገር ላይ ራስ መነቅነቅ ጣጣ ያመጣል።

ምግብ ካነሳን አይቀር፣ ቋንጣ አትያዙ፤ ይወሰዳል። ሌላውን የያዛችሁትን ሁሉ ተናገሩ። የሚያስቀጣው መደበቁ ነው።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ አድራሻዬን በወረቀት መያዜ ነው፣ የአፓርታማ ቁጥሩ ሳይቀር። ስልክ ባትሪው ሊያልቅ ይችላል። ግሪን ካርዱ በፖስታ የሚመጣው በዚያ አድራሻ ነው። የተቀበለኝ የአክስቴ ልጅ ስሜን ቀድሞ የፖስታ ሳጥኑ ላይ ለጥፎልኝ ነበር። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ስሙ ሳጥኑ ላይ ከሌለ ፖስተኛው ካርዱን ወደ ላኪው ሊመልሰው ይችላል።

ማህተሙ ሲመታላችሁ ከመስኮቱ ሳትርቁ ቀኑን እዩት። ማህተም ያረፈበት ቪዛ ለአንድ ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግላል፤ ሥራ ለመቀጠርም ይሆናል። ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለውን የመለያ ቁጥር በቪዛ ማመልከቻው ቅጽ ላይ ጠይቃችሁ ከነበረ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ራሱ ይመጣል። ከዘገየ ግን ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ፤ ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሂዱ።