ለሰባ አምስት ዓመቷ እኔ

ባለቤቴ ወደ አገር ቤት ስለመመለስ ሲያወራ የሚታየው ለገና የምንሄድበት አዲስ አበባ ነው፤ ከዘመድ ዘመድ ቤት፣ ድካም የማያውቅ ጉልበት፣ የሞላ ቦርሳ። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ አረጋውያን መንከባከቢያ ስለምሠራ የሚታየኝ ሌላ ነው። ያለ ሁለት ሰው እርዳታ ከአልጋ የማይነሱ እናቶችን ሳነሳ ነው የምውለው። ስለዚህ ገንዘባችንን ስናሰላ የማስባት በ75 ዓመቷ የምትኖረዋን ራሴን ነው።

እሱ 62 ሲሞላን ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ማለትም የአሜሪካን መንግሥት ጡረታ፣ ጀምረን እንሂድ ይላል። ሁለታችንም እንደ ፈረንጅ ከ1960 ወዲህ ስለተወለድን ሙሉ ጡረታችን የሚደርሰው በ67 ነው። በ62 ከጀመርን ወርኃዊው ክፍያ 30 በመቶ ይቀንሳል፣ የተቀነሰውም ዕድሜ ልክ እንደተቀነሰ ይኖራል። ወደ ብር ሲመታ ብዙ ስለሚመስል ጉድለቱ አይታየውም። የአሜሪካ አረጋውያን የጤና መድን የሆነው ሜዲኬር ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ለታከምነው አይከፍልም፤ የደም ግፊት መድኃኒቱም፣ ምርመራውም፣ አልጋ መያዙም ከኪሳችን ነው። የሐኪም ወጪ የሚሸፍነውን የሜዲኬር ክፍል፣ ፓርት ቢን፣ አቋርጠን ሄደን በኋላ ልንመለስበት ብንል ደግሞ ላቋረጥንበት ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት 10 በመቶ ቅጣት ይጨመርብናል።

በደንብ የተከራከርነው ቤቱ ላይ ነው። ያጠራቀምነውን በሙሉ አፓርታማ ላይ እናውለው ባይ ነው። ይገባኛል፤ በኪራይ ቤት ሲንከራተት ያደገ ሰው የራሱ በር ሳይኖረው መመለስ ይከብደዋል። ግን አንዳችን በሌሊት ሆስፒታል ብንገባ አፓርታማ በማግሥቱ ተሸጦ ገንዘብ አይሆንም። በመጨረሻ የሕክምናው ገንዘብ እዚሁ በዶላር ይቀመጥ፣ ለኑሮ የሚሆነው በየወሩ ይመንዘር ተባብለናል። ሐምሌ 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ወደ 100 ብር ደረሰ። ለጡረታዋ ስትል በብር ስታስቀምጥ የኖረች ባልደረባዬ ያን ሰሞን እንዴት እንዳለቀሰች አልረሳም።

መጀመሪያ እንከራያለን። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ስለሚል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰፈሩንም ሐኪሙንም እንለያለን። ልቤ ያለው ደብረ ዘይት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ እሱ ደግሞ አስም አለበት፤ ደብረ ዘይት 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነች ይሻለው ይሆናል፣ ለአዲስ አበባ ሆስፒታሎችም ሩቅ አይደለችም። መኪናችንን ጭነን እንሂድ የሚለው ሐሳብ ቀርቷል፤ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ተከልክሏል።

እንቅልፍ የሚነሳኝ የፓስፖርቱ ጉዳይ ነው። እሱ የአሜሪካ ዜግነት ወስዷል፤ እኔ እስከ ዛሬ በግሪን ካርድ ነኝ። ግሪን ካርድ ይዞ ከዓመት በላይ ውጭ ለመቆየት አስቀድሞ የመመለሻ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል፣ እሱም ብዙውን ጊዜ ለሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ኑሮውን ጠቅልሎ ሌላ አገር ላደረገ ሰው አያዛልቅም። ዜግነቱን ብወስድ ደግሞ አገሬ ጥምር ዜግነት አትቀበልም፤ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን በሚሰጠው መታወቂያ፣ በቢጫ ካርድ ነው የምኖረው። ቢጫ ካርዱ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያሠራል፣ ቤትም ያስገዛል፤ ድምፅ ግን አያሰጥም። እናቴ በተቀበረችበት አገር የውጭ ዜጋ ተብዬ መመዝገቤ ያመኛል። ቢሆንም ልጆቼ እዚህ ናቸው፤ አንዷ ብትወልድ ወይም ብትታመም ቪዛ እየጠበቅኩ መቀመጥ አልችልም። እያዘንኩ ማመልከቻውን ልሞላ ወስኛለሁ።

የቀረው ለቤተሰብ መንገር ነው። ዘመዶቻችን ስንመለስ አብሮን የሚመጣው ደመወዛችን ይመስላቸዋል። ደመወዝ የለም፤ የሚመጣው ጡረታና ልንነካው የማይገባን የሕክምና ገንዘብ ነው። ለወንድሜ ልጆች ትምህርት ቤት የምልከውን አላቋርጥም፤ ሠርጉ፣ የመኪናው ቅድሚያ ክፍያ፣ የንግዱ መነሻ ግን ከአቅማችን በላይ ነው። ይህን መስማት ያለባቸው ቦሌ ሻንጣችንን ሲቀበሉን ሳይሆን ከአሁኑ ነው። መጀመሪያ ለታላቅ እህቴ እደውልላታለሁ፤ እትዬ ነገሩን ከተቀበለችው ለሌሎቹ የምታስረዳልኝ እሷው ናት።