ሃያ አንደኛው ሰው

«እስቲ ዕድሜውን ድገምልኝ» አለኝ ኃላፊው።

ደገምኩለት። 63።

«እኔ ፍርስራሽ ውስጥ የሚገባ ሰው አምጣ አልኩህ እንጂ ጡረተኛ ሰብስብ አልኩህ?»

ጠረጴዛው ላይ የ20 ሰው ዝርዝር ተዘርግቷል። እስክሪብቶ አነሣሁና የአናጺውን ስም ሰረዝኩ። በምትካቸው ከአንድ መሥሪያ ቤት የተላከ ጎረምሳ አስገባሁ። ክርክሩ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ዓመት ሊሞላው ነው፣ ያቺ ሰረዝ ግን ከዓይኔ አልጠፋችም።

ነገሩ የመጣው በ2017 ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ፈንታሌና አዋሽ አካባቢ ምድር ስትንቀጠቀጥ ከረመች። አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ሳይቀር ሌሊት እየባነነ ነበር። ባሕር ዳር ከዚያ ሩቅ ናት። ጥያቄው ግን እኛም ጋ ደረሰ። እዚህ አንድ ፎቅ ቢደረመስ ማን ነው የሚገባው? እኛ እስከዚያ የምናውቀው እሳትና ውሃ ነው። ዓባይ የወሰደው ዋናተኛ፣ ጣና ላይ የተገለበጠ ታንኳ፣ ገበያ ውስጥ የተነሣ ቃጠሎ። ፍርስራሽ ሌላ ሙያ ነው። እናም «20 ሰው ያለው የፍለጋና ነፍስ አድን ቡድን አደራጅ» ተባልኩ።

ሥልጠና ላይ የተሰጠን መመሪያ የኢንሳራግ ነው። ኢንሳራግ በተባበሩት መንግሥታት ሥር ያለ የነፍስ አድን ቡድኖች መረብ ነው። በፈረንጆቹ 1991 ነው የተቋቋመው፣ ከሜክሲኮና ከአርሜኒያ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ። መመሪያው ቡድንን አምስት ቦታ ይከፍለዋል፦ አመራር፣ ፍለጋ፣ ነፍስ ማዳን፣ ሕክምና፣ ሎጂስቲክስ። አሠልጣኛችን ግን ከክፍፍሉ ይልቅ አንድ ነገር ነበር የሚደጋግመው። በፈረንጆቹ 1985 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ጎረቤት ጎረቤቱን በእጁ እየቆፈረ ብዙ መቶ ሰው አወጣ። ከ100 በላይ የሚሆኑት አዳኞች ግን ለማውጣት እንደገቡ እዚያው ቀሩ። እኛማ ሜክሲኮ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። ሐምሌ 2016 ጎፋ ላይ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡትን ሰዎች ሁለተኛው ናዳ በላያቸው መጣ። ያን ሰሞን እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ስም ዝርዝሩን ስሠራም በአእምሮዬ የሚመላለሰው ይኸው ነበር።

ከየመሥሪያ ቤቱ የመጡት ልጆች ቅጽ ሞሉ። «የት መመደብ ትፈልጋለህ?» ይላል ቅጹ። 14ቱ «ነፍስ ማዳን» ብለው ጻፉ። ሦስቱ ነርሶች ሕክምና። ሁለት ልጆች ፍለጋ። ሎጂስቲክስን የመረጠ አንድ ሰው ነው፣ እሱም ወገቡን ስለሚያመው። ደኅንነት ጠባቂ ልሁን ያለ አልነበረም።

ደኅንነት ጠባቂ ማለት ጠርዝ ላይ ቆሞ፣ ምንም ሳይነካ፣ ግድግዳውን የሚያይ ሰው ነው። ፊሽካው የእሱ ነው። አንድ ረጅም ፊሽካ ከሆነ ሁሉም ዝም ይላል። ሦስት አጫጭር ከሆነ ሁሉም ያለውን ጥሎ ይወጣል። አካፋ መያዝ የለበትም። ሰው መጎተት የለበትም። ፎቶ ላይ ሁልጊዜ ከኋላ ነው የሚታየው። ለዚህ ቦታ ሰው ሳጣ ያን በአናጺው ምትክ ያስገባሁትን ጎረምሳ መደብኩት። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ክብደት ያነሣል። ቦታው ክፍት ስለነበረ ብቻ ነው የሰጠሁት። ይህ የእኔ ጥፋት ነው።

አናጺውን የማውቃቸው አንድ ፎቅ ሲሠራ ነው። መወጣጫውን የሚያቆሙት እሳቸው ነበሩ። አጠና ሲመጣላቸው አንድ በአንድ በመዶሻቸው ጀርባ ያንኳኩና ጆሮአቸውን ያስጠጋሉ። ልጣጩን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ፋቅ ያደርጉታል። እርጥቡን ወደ ግራ፣ ደረቁን ወደ ቀኝ። ከመኪና ሙሉ አጠና ሲሦውን ሲመልሱ አይቻለሁ። ባለቤቱ ሲጮህባቸው ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። የፈረሰ ቤት ውስጥ የምንገባው ጣሪያውን በእንጨት ደግፈን ነው። እንጨቱን የሚያውቅ ሰው ከሌለን ምን ይዘን ነው የምንገባው? ስማቸውን ከነስልካቸው ወስጄ ዝርዝሩ ላይ አሰፈርኩት። ከዚያ በሁለት ደቂቃ ሰረዝኩት።

ሐምሌ ላይ አንድ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ስልክ ተደወለ። ሽምብጥ በኩል ለሴፍቲ ታንከር የሚቆፈር ጉድጓድ ተንዷል። አንድ የቀን ሠራተኛ ውስጥ ቀርቷል።

ከ20ው የደረስነው 11 ነን። መስክ የወጣ አለ፣ ስብሰባ የገባ አለ፣ ለቅሶ የሄደ አለ። ይህንን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ።

ጉድጓዱ ሦስት ሜትር ይሆናል። ሌሊቱን ዘንቧል። ሐይቁ ቅርብ ስለሆነ ከታችም ያዣል። የተቆፈረው አፈር በሙሉ ጠርዙ ላይ ተከምሯል፤ ቢያንስ 60 ሳንቲ መራቅ ነበረበት። ልጁ እስከ ደረቱ ተቀብሯል። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ፊቱ ነጭቷል። «አይዞህ፣ መጣን» አልነው። ሰፈሩ በሙሉ ከቦናል፣ እናቶች እያለቀሱ ነው። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከ15 ኩንታል በላይ እንደሚመዝን የሚያውቅ ሰው እንኳ እዚያ ቆሞ መጠበቅ ይከብደዋል።

አራት አጠና አገኘን። በዓይን ለክተን ቆረጥናቸው፣ ከግድግዳ ግድግዳ አጋድመን በድንጋይ መትተን አስገባናቸው። አራት ልጆች ወረዱ። ቁፋሮው ጥሩ ሄደ። ወገቡ ጋ ደረሱ። እኔ ጠርዙ ላይ ተንበርክኬ ባልዲ እቀበላለሁ።

ሰው ትከሻዬን ነካኝ። ቀና ስል አናጺው ናቸው። ለካ ፊት ለፊት ካለው ሕንጻ ላይ ሲሠሩ ኖሯል። መዶሻቸው ወገባቸው ላይ ነው።

«ልጄ፣ አስወጣቸው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ነው የቀረን። ወገቡ ጋ ደርሰናል።»

«እንጨቱ እየተናገረ ነው። አትሰማም?»

አልሰማም። የውሃ ፓምፑ ያጓራል፣ ሕዝቡ ይጮኻል። አልተከራከሩኝም። ጎንበስ አሉ፣ እጄን ያዙና ከላይኛው አጠና ጫፍ ላይ አሳረፉት። መዳፌ ሥር ጠቅ አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ ጠቅ። ጥርስ በጥርስ ሲነካ እንደሚሰማው ያለ ነገር ነው። ላቡ በጀርባዬ ወረደ።

ፊሽካ ፈለግኩ። ደኅንነት ጠባቂዬን በዓይኔ ፈለግኩት። ጉድጓዱ ውስጥ ነው፣ አካፋ ይዟል። ፊሽካው ኪሱ ውስጥ ነው።

ጮህኩ። እስከ ዛሬ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ሦስቱ በመሰላሉ ወጡ። አራተኛው እግሩን መሰላሉ ላይ እንዳደረገ አጠናው ለሁለት ተሰበረ፣ በስተቀኝ ያለው ግድግዳ ከነክምሩ ወረደ። እጁን ይዘን ወደ ላይ ሳብነው። አቧራ የለም፣ ጭቃ ነው። ድምፁ እንደ ከባድ ትንፋሽ ነበር። ሲረጋ የተቀበረው ልጅ እስከ ትከሻው ነው። አንድ እጁ ውጭ ቀርቷል። «እማዬ» አለ። እንደሚተነፍስ ያወቅነው በዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ የመሩት አናጺው ናቸው። ማንም አልሾማቸውም። መጀመሪያ ሕዝቡን አሥር እርምጃ ወደ ኋላ አስመለሱ። ከራሳቸው ሥራ ቦታ ጣውላ፣ ሞራሌና ደረቅ አጠና አስመጡ። ጣውላውን በሁለቱም በኩል ግድግዳው ላይ አቆሙት። አጋዳሚውን ከላይ ወደ ታች እንጂ ከታች ወደ ላይ አላስገቡም። የላይኛው ሳይጠብቅ ማንም እንዲወርድ አልፈቀዱም። እያንዳንዱን በሜትር ለኩ፣ ጫፉን በሽብልቅ አጠበቁ፣ በመዶሻ ጀርባ አንኳኩ፣ ሰሙ። ወደ 40 ደቂቃ ወሰደ።

ያ 40 ደቂቃ ረጅም ነው። «ሰው እየሞተ እንጨት ትለካላችሁ?» የሚል ድምፅ ከኋላችን አልተቋረጠም። አንድ አባት ድንጋይ አንሥተው ነበር። አናጺው ጀርባቸውን እንደሰጡ ሽብልቃቸውን ይመታሉ። እኔ ጠርዙ ላይ ቆሜያለሁ። ፊሽካውን ከጎረምሳው ተቀብዬ ጥርሴ መሃል ይዤዋለሁ። እጄን ከኋላዬ አጣምሬ ምንም አልነካሁም። በዚህ ሥራ ላይ ስቆይ ከሠራሁት ሁሉ የከበደኝ ያ መቆም ነው።

ልጆቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ በየ15 ደቂቃው ተፈራረቁ። በአጭር አካፋና በእጃቸው ቆፈሩ። ጉልበቱ ጋ ሲደርሱ ሊጎትቱት ሲሉ ሲስተር «ማንም እንዳይነካው!» ብላ ጮኸች። እግሩ ለሰዓታት ተጭኖ ስለቆየ፣ ድንገት ሲለቀቅ ከተጎዳው ጡንቻ የሚወጣው ነገር ልብን ሊያቆም፣ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ወርዳ ደም ሥሩ ላይ ፈሳሽ ተከለችለት። እስኪገባለት ጠበቅን። ከዚያ በቃሬዛ ወጣ። ከተጠራን አራት ሰዓት ሊሞላ ነበር። ልጁ ዛሬ ደኅና ነው፣ ትንሽ ያነክሳል።

ሕዝቡ ሲበተን አናጺው በቧንቧ እጃቸውን ሲታጠቡ አገኘኋቸው።

«ያን ጊዜ ስሜን ወስደህ ነበር» አሉኝ። «ምን ሆነ?»

መዋሸት ይቻል ነበር። በጀት የለም፣ ገና ነው ማለት ይቻል ነበር። «ሰረዝኩት፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«ለምን?»

«ዕድሜዎን ዓይተው…»

እጃቸውን በካፖርታቸው አደረቁ። ቁጣ አልነበረባቸውም፣ ገርሟቸዋል።

«አንተ የፈለግከው እኮ ዕድሜዬን ነው» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። እንጨት መስማት በአንድ ወር ሥልጠና አይመጣም። እሳቸው ሲነግሩኝ አርባ ዓመት ባሕር ዛፍ ሲያንኳኩ ኖረዋል። ሁለት ጊዜ ወድቀዋል፣ አንድ ጓደኛ ቀብረዋል። «ብረት ምሥጢረኛ ነው፣ ዝም ብሎ ይጥልሃል። እንጨት ግን ከመሰበሩ በፊት ይነግርሃል፤ የሚሰማው ካገኘ» አሉኝ። ያን ሁሉ ዓመት ነበር በአንድ ሰረዝ ያስቀረሁት።

በነሐሴ የምስጋና ወረቀት ተሰጠ። 20 ወረቀት፣ ለ20 ሰው። በዕለቱ ስብሰባ ላይ ለነበሩትም ጭምር። አናጺው አልተጠሩም። የእኔን ወረቀት ይዤ ሽምብጥ ሄጄ ልሰጣቸው ነበር፣ ከዚያ አፈርኩ። የሌላ ሰው ስም ያለበት ወረቀት ምን ያደርግላቸዋል?

አንዳንድ ነገር ተስተካክሏል። ያ ጎረምሳ አሁን ቁፋሮ ላይ ነው፣ ቦታው እሱ ነው። ደኅንነት ጠባቂ ያደረግነው ያን ወገቡን የሚያመውን ሰው ነው። ልምምድ ላይ ሦስት ጊዜ አስወጥቶናል፣ ሁለቱ በከንቱ ነበር፣ ማንም አላጉረመረመም። አናጺው በሁለት ቅዳሜ መጥተው ልጆቹን ሽብልቅ አስቆርጠዋል። አበል አልተከፈላቸውም። የትራንስፖርት እንኳ ከኪሴ ነው የሰጠሁት፣ እሱንም በግድ።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ስማቸው ተረኛ ዝርዝር ላይ ከሌለ ሌሊት የሚጠራቸው የለም። ሬዲዮ አይሰጣቸውም። ስልካቸው አሮጌ ነው፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ባትሪው ያልቃል። ሽምብጥ ያን ቀን መንገድ የተሻገሩት ሥራቸው ፊት ለፊት ስለነበረ ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ ሌላ ሰፈር ይሆናል።

ሁለት ደብዳቤ ጽፌያለሁ። የመጀመሪያው «ቋሚ ሠራተኛ ስላልሆኑ» ተብሎ ተመለሰ። ሁለተኛው መልስ አላገኘም። እስከዚያው የእሳቸውን ስልክ፣ የልጃቸውን ስልክና ታች ያለውን ሱቅ ስልክ ቢሮ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ዝርዝር ሥር በእስክሪብቶ ጽፌዋለሁ። ተራ ቁጥር 21። ሦስተኛውን ደብዳቤ ሰኞ አስገባለሁ።