ሩዝ በአውራ ጣት

ለሥልጠና ፊሊፒንስ፣ ሎስ ባኞስ ከተማ ከገባሁ ወዲህ ሩዝ ያላየሁበት ቀን የለም። ማሳው ሩዝ፣ ቤተ ሙከራው ሩዝ፣ ቁርሱ ሳይቀር ሩዝ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አብሮኝ የሚሠራው የባታንጋስ አውራጃ ልጅ «አንተ እስካሁን ያየኸው ሩዝ ሲለካ ነው፤ ሲበላ ደግሞ ላሳይህ» ብሎ ወደ ትውልድ ቦታው ወደ ለሜሪ ይዞኝ ሄደ።

ስለ መንገዱ ብዙ አልልም። ጂፕኒ በሚሉት የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመን ነው የተጓዝነው፣ ሙቀቱም እስትንፋስ ያሳጥራል። ለሜሪ ከታአል እሳተ ገሞራ ብዙም አትርቅም፤ በፈረንጆቹ ጥር 2020 ሲፈነዳ ከተማዋ አመድ ለብሳ ሕዝቡ ቤቱን ጥሎ ወጥቶ ነበር። የባሕሩ ዳር አሸዋም ፖስትካርድ ላይ እንደለመድነው ነጭ አይደለም፣ ወደ ግራጫ የሚያደላ ጥቁር ነው። ምግብ ቤቱ እዚያ አሸዋ ላይ በቀርከሃ ምሰሶ ቆሟል። ጣሪያው የዘንባባ ቅጠል ነው፣ ግድግዳ የሚባል ነገር የለውም፣ ስሙም የትም አልተጻፈም። የባሕር ዳር ጸጥታ ፍለጋ የሚመጣ ሰው ካለ ግን ይቅርበት። ጥግ ላይ የካራኦኬ ማሽን ተተክሏል፤ አንድ ጎረምሳ ድምፁ እስኪዘጋ ይዘፍናል፣ ዞር ብሎ የሚያየው ሰው የለም።

የቤቱ ባለቤት በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ትልቁም ትንሹም «ናናይ» (እናቴ እንደ ማለት) ስለሚላቸው እኔም እንደዚያው አልኩ። ምን አለ ስንላቸው የአሳማ ጥብስ፣ ስኩዊድ፣ ሽሪምፕ፣ ሸርጣን እያሉ ቆጠሩልን። እንግዲህ የእኔ ጣጣ እዚህ ላይ ይጀምራል። ባልደረባዬ የእኔን ሕግ ከእኔ በላይ አጥንቶታል፤ አሳማ እንደማልበላ፣ ከባሕር የሚወጣውም ክንፍና ቅርፊት ያለው ብቻ መሆን እንዳለበት በሀገሩ ቋንቋ በታጋሎግ አስረዳልኝ። ናናይ ቅር አላላቸውም። የበለጠ አስጨናቂ እንግዳ አይተው የሚያውቁ ይመስለኛል። «ቱሊንጋን አለ» አሉ።

ቱሊንጋን ከቱና ወገን የሆነ፣ ክንድ የማይሞላ ዓሣ ነው። የባታንጋስ ሰው የሚኮራበት ወጥም ከእሱ ይሠራል። ዓሣውን ግራና ቀኝ ይሰነጥቁትና በመዳፋቸው ተጭነው ጠፍጣፋ ያደርጉታል፣ ጨው ያሹታል፣ በሙዝ ቅጠል ይጠቀልሉታል። ከዚያ ካሚያስ የሚባል በፀሐይ የደረቀ ኮምጣጣ ፍሬ ሸክላ ድስት ውስጥ አንጥፈው ዓሣውን ይደረድሩበታል፤ በእንጨት እሳት፣ በትንሽ ነበልባል፣ አጥንቱ እስኪልም ለሰዓታት ይተዉታል። ከድስቱ ሥር የአሳማ ስብ የሚያነጥፉ እንዳሉ ሰምቼ ስለነበር ባልደረባዬን ጠይቅልኝ አልኩት። «እናቴ ታደርግ ነበር፣ እኔ ደም ብዛት ስላለብኝ ትቻለሁ» አሉ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በሰው ደም ብዛት ደስ አለኝ።

አንድ ነገር ግን ቀረኝ። ዓሣው ብር መስሎ ልስልስ ያለ ነው፣ ቅርፊት የሚባል አይታየኝም። ናናይ ነገሩ ሲነገራቸው ከበረዶ ሣጥኑ አንድ ጥሬ አወጡ። ከጭንቅላቱ በስተኋላ፣ የጎን ክንፉ የሚበቅልበት አካባቢ፣ በቢላ ጀርባ ፋቅ ፋቅ አደረጉና ቢላውን ዓይኔ ሥር አቀረቡልኝ። እንደ ፎረፎር ያሉ ደቃቅ ቅርፊቶች ስለቱ ላይ ተለጥፈዋል። ሌላው ገላው ራቁቱን ቢሆንም እዚያ ቦታ ላይ አለው። «እሺ?» አሉኝ በዓይናቸው። እሺ።

መጀመሪያ የመጣው ግን ኪኒላው ነበር፤ በኮኮናት ኮምጣጤ፣ በዝንጅብል፣ በሽንኩርትና በሚጥሚጣ መሳይ ቃሪያ የተነከረ ጥሬ ዓሣ። ኮምጣጤው የዓሣውን ጠርዝ አንጥቶታል፣ መሐሉ ገና ጥሬ ነው። ባልደረባዬ ፊቴን እያየ የምደነግጥበትን ቅጽበት ይጠብቃል። ቁርጥ በልቶ ያደገ ሰው በዚህ አይደነግጥም፤ እንዲያውም አዋዜ አማረኝ።

ከዚያ ሩዙ መጣ። ጠረጴዛው ላይ የሙዝ ቅጠል ተዘረጋ፣ ሩዙ መሐል ላይ ተከመረ፣ ዓሣው ከነመረቁ በጎን ተቀመጠ። ማንኪያ የለም። ከቧንቧው እጃችንን ታጥበን ተቀመጥን። እኔ በእጅ መብላት ማንም የማያስተምረኝ መስሎኝ ነበር፣ ግን እንጀራ የለመደ እጅ ሩዝ ላይ ገና ሕፃን ነው፤ ግማሹ ጭኔ ላይ ፈሰሰ። ናናይ ቆመው ሲያዩ ቆዩና መጥተው በራሳቸው እጅ አሳዩኝ። በጣት ጫፍ ትንሽ ሩዝ ይሰበሰባል፣ ዓሣ ጣል ይደረግበታል፣ ጠበቅ ይደረጋል፣ አፍ ዘንድ ሲደርስ አውራ ጣት ከኋላ ይገፋዋል። መዳፍ አይነካም። ጉርሻው ሳይበተን ሲገባ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ፤ የሥልጠናው ሰርተፍኬት እንዲህ ያስደስተኝ እንደሆነ እንጃ።

ያ ሩዝ ለምን አልተበተነም የሚለውን በሥራዬ አውቀዋለሁ። ናሙናው ላይ አዮዲን ጠብ አድርገን ሰማያዊው ምን ያህል እንደጠቆረ እያየን አሚሎዝ የሚባለውን የስታርች ዓይነት እንለካለን፤ ዝቅ ያለው ሲበስል ይለሰልሳል፣ ይያያዛል፣ ከፍ ያለው ፍሬ በፍሬ ይለያያል፣ ሲቀዘቅዝም ይጠነክራል። በመዝገባችን ላይ ግን ይህ ነገር ያለው ከምርት መጠንና ከበሽታ መቋቋም ቀጥሎ፣ ዳር ላይ ነው። የምንማርበት የምርምር ተቋም በፈረንጆቹ 1966 ያወጣው አይ አር 8 የሚባል ዝርያ በምርቱ ዓለምን ጉድ ያሰኘ ነበር፤ ጣዕሙን ግን ብዙ ሰው አልወደደውም። ለናናይ ስሙን ስነግራቸው በልጅነታቸው ቤታቸው እንደነበረ አስታወሱ። «ሲቀዘቅዝ ድንጋይ ነበር» ብለው እጃቸውን አራገፉ። እኛ በሰንጠረዥ ዳር የምናስቀምጣትን ነገር እሳቸው መጀመሪያ ላይ ያስቀምጧታል።

እኔ የመጣሁት ከፎገራ ነው። እኛ ዘንድ ሩዝ ገና በደርግ ዘመን የገባ እንግዳ ነው። ገበሬው ኤክስ ጅግና የሚባለውን የሩዝ ዝርያ ሲወድ ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ ስለሚጋግርበትም ነው፤ ሩዙ እንጀራ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። እዚህ አይጠፋም። ዓሣውን ብቻውን ስቀምሰው ጨውና ኮምጣጣነቱ አፌን አጨማደደው፣ በልቤም «እጃቸው ከብዷል» ብዬ ነበር። ከሩዙ ጋር ሲሆን ግን ልክ ነው። ወጥን ያለ እንጀራ ማን ይበላል? ኮምጣጤው፣ ከዚያው አውራጃ ከባላያን ከተማ የመጣው፣ ባጎንግ የሚሉት በጨው የተብላላ የዓሣ ማባያ፣ ካሚያሱ፣ ቃሪያው፣ ሁሉም እዚያ ያሉት ለሩዙ ሲሉ ነው። ይህን ያህል ጊዜ ሩዝ ሳጠና ከአጠገቡ ምን እንደሚቀመጥ ጠይቄ አላውቅም። ፎገራ ስመለስ ለገበሬ የምናቀርበው የመጠይቅ ወረቀት ላይ «በምን ይበሉታል?» የሚል መስመር አስገባለሁ። አለቃዬ ይስቅብኝ ይሆናል፣ ይሳቅ።

በመጨረሻ ቡና መጣ። ባታንጋስ ባራኮ የሚሉት ቡና አላት፤ ሊቤሪካ ነው፣ ከኛ አረቢካ የተለየ ዝርያ፣ ዛፉ ረጅም ቅጠሉም ሰፊ ነው። እዚሁ አውራጃ ሊፓ የምትባል ከተማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በቡና ከብራ ነበር፤ በፈረንጆቹ 1889 ዝገት የሚባል የቡና ቅጠል በሽታ ገብቶ እርሻውን ጨረሰው። ሲጠጣ ከባድ ነው፣ ሽታው ወደ ፍራፍሬ ይሄዳል። የቡና ሀገር ሰው ነኝና ቶሎ አላሞግስም፣ ግን ሁለተኛ ስኒ ጠየቅኩ።

ጎናችን የተቀመጡ ሽማግሌ ግን ስኒያቸውን አንሥተው ቡናውን ቅጠላቸው ላይ በቀረው ሩዝ ላይ ገለበጡት፣ ከደረቅ ዓሣ ጋርም ይበሉት ጀመር። ዓይኔን አላመንኩም። ባልደረባዬ የአያቱ ቁርስ እንዲሁ እንደነበር ነገረኝ። ቡናን በጨውና በቅቤ ከሚጠጣ ሀገር መጥቼ ምን አፍ አለኝ? እኔም ትንሽ አፈሰስኩበትና በአውራ ጣቴ ገፍቼ ዋጥኩት። ናናይም፣ ሽማግሌውም፣ ባልደረባዬም አፍ አፌን ያዩኛል።

«እንዴት ነው?» አለኝ።

«አሚሎዙ ዝቅተኛ ነው» አልኩት።