«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?»

ትናንት ማታ የድሮ የክፍል ጓደኞቼ ቴሌግራም ላይ ያዙኝ። «ያ ሮቦትህ እንጀራ ይጋግራል?» ይላል አንዱ። «ቡና አፍላልን በለው» ይላል ሌላው። ሳቅኩ። ወዲያው ግን ሆዴ ባባ። እዚህ ሙኒክ በሥራዬ እንዲህ የሚያሾፍብኝ ሰው የለም።

የምሠራው የሮቦት ክንድ ቁጥጥር ላይ ነው። ክንዱ ሰባት መገጣጠሚያ አለው፤ በእያንዳንዱ ላይ ጉልበት የሚለካ ሴንሰር አለ። ፕሮግራማችን በሰከንድ 1000 ጊዜ እያነበበ ሞተሮቹን ያዛል። ሰው ሲገፋው እንደ ሞላ እሺ እንዲል እናደርገዋለን።

በመጀመሪያው ዓመቴ ከጣሊያን አጋሮቻችን አዲስ ግሪፐር፣ ማለትም ዕቃ የሚጨብጥ የሮቦት እጅ፣ ይዘው መጡ። ክንዱ ጫፍ ላይ አሰርነው። ሥራው የብረት ዘንግ ቀዳዳ ውስጥ መክተት ነበር። ክንዱ ግን ሁሌ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቆማል። ፕሮፌሰሮቹ በአልጎሪዝሙ ክርክር ገጠሙ። እኔ ደብተሬ ጥግ ላይ አሰላሁ። የግሪፐሩ ክብደት 1 ኪሎ፣ ማለትም ወደ 10 ኒውተን፤ ለክንዱ የሰጠነው የሞላ ጥንካሬ በሜትር 200 ኒውተን። ሲካፈል ያቺው 5 ሳንቲ ሜትር! የግሪፐሩን ክብደት ለፕሮግራሙ የነገረው ሰው የለም ማለት ነው።

ዝም አልኩ። እኔ ያደግኩት ትልቅ ሰው ሲናገር አንገት ደፍቶ ማዳመጥ ጨዋነት በሆነበት ቤት ነው።

በማግስቱ ከሰዓት አንዲት ጣሊያናዊት ተማሪ ደብተሬን አይታ «ይሄ ምንድን ነው?» አለች። ነገርኳት። ቁጥሩ ሲስተካከል ዘንጉ ሰተት ብሎ ገባ። ተጨበጨበ። ፕሮፌሰሬ ግን ወደ እኔ ዞረና «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?» አለኝ። «ከትናንት ጠዋት።» «እንግዲያው ሁላችንንም የሁለት ቀን ሥራ አስከሰርከን» አለ፣ በሁሉም ፊት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጀርመኖች ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ ስህተትህን ይነግሩሃል። እኛ ደግሞ የእናት የአባቱን ጤና ስንጠያየቅ ቆይተን፣ ስህተቱን ሳናነሳ እንለያያለን። ሁለቱም ያደክመኛል። ሒሳቡን ከሁሉም ቀድሜ ማግኘቴ ግን ዛሬም ያኮራኛል። የተማርኩት አገር ቤት፣ በጠመኔ ነው።

ለመምጣት የምታስቡ፣ ክንድ የለንም ብላችሁ አትቀመጡ። ሙጆኮ የሚባል፣ የሮቦትን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር አስመስሎ የሚያሳይ ነፃ ሲሙሌተር አለ፤ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። ሊኒየር አልጀብራችሁን አጥብቃችሁ ያዙ። ክፍል ውስጥ እጅ ማውጣትንም እዚያው ልመዱት፤ እዚህ ከመጣችሁ በኋላ ይከብዳል።

ባለፈው ሳምንት ከጅማ አዲስ ተማሪ መጣልን። ስብሰባ ላይ እስክሪብቶው አንድ ቁጥር ላይ ቆመ። ቀና ብሎ ፕሮፌሰሩን አየና መልሶ አንገቱን ደፋ። ጠጋ ብዬ በአማርኛ «ንገራቸው» አልኩት።