ልቤ ውስጥ ያለው የቆሮሶ አፍ

ትናንት ጣና ዳር ቁጭ ብለን ዓሳ ጥብስ ስንበላ፣ ቆሮሶው አፉን እንደከፈተ ተጠብሶ መጣ። ታናሽ ወንድሜ በጣቱ እያሳየኝ «ያንተ ልብ ይሄ ነው አይደል?» አለ። ሳቅን። ግን እውነቱን ነው።

አምና ለሥራ የጤና ምርመራ ሄጄ ነበር። ዶክተሯ ደረቴን አዳመጠች። ደግማ አዳመጠች። ከዚያ «ኢኮ ትነሣለህ» አለችኝ፤ የልብ አልትራሳውንድ ማለት ነው። በግራ ጎኔ አስተኝተው ያን ቀዝቃዛ ጄል ቀቡኝ። ስክሪኑ ላይ አንድ ነገር ክፍት ዝግ፣ ክፍት ዝግ ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደም ከልብ ወጥቶ አዎርታ ወደሚባለው ትልቁ ቧንቧ የሚገባበት በር ላይ ሦስት ስስ ክንፎች አሉ። ሲዘጉ የመርሴዲስን ዓርማ ይመስላሉ። የእኔ ግን ሁለት ናቸው፤ ገና እናቴ ሆድ ውስጥ በሩ (ቫልቩ) ሲሠራ ከሦስቱ ሁለቱ ሳይለያዩ ቀርተው፣ የተጣበቁበት ላይ እንደ ስፌት ያለ መስመር ብቻ ይታያል። ስለዚህ በሩ ሲከፈት የዓሳ አፍ ይመስላል። የዓሳ አፍ የምለው የባሕር ዳር ልጅ ስለሆንኩ አይደለም፣ ሐኪሞቹም እንዲሁ ነው የሚሉት።

ከ100 ሰው አንዱ ወይም ሁለቱ እንዲህ ሆነው ይወለዳሉ፣ ወንዶች ይበዛሉ። ሳያውቀው የሚያረጅም አለ። ግን ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል፤ የሦስቱን ጫና ሁለቱ ሲሸከሙት ከጊዜ በኋላ ካልሲየም ይጋገርባቸውና በሩ ይጠባል፣ ወይም በደንብ አይገጥምና ደም ወደ ኋላ ይመለሳል። የእኔ ትንሽ ያፈሳል። አዎርታውም ሊሰፋ ስለሚችል እየለኩ ይከታተሉታል።

እናቴ «ቶንሲልህን በጊዜ ሳላሳክምህ ቀርቼ ነው» ብላ አለቀሰች። ከቶንሲል የሚመጣው የልብ ሕመም ሌላ ነው እማዬ፣ እሱ ከተወለዱ በኋላ የሚመጣ ነው፣ የእኔ አብሮኝ የተወለደ ነው አልኳት። «ታዲያ እኔው ነኛ የሠራሁህ!» ብላ ባሰባት።

በዘር ሊሄድ ስለሚችል ወላጅ፣ ወንድምና እህትም ኢኮ ይታዩ ይባላል። ወንድሜን እንዲታይ ለማሳመን ሦስት ወር ፈጀብኝ። ባለፈው ሳምንት ታየ፣ ሦስቱም ክንፍ አለው። ለዚህ ነው ትናንት እንዲያ የቀለደብኝ። ሂሳቡን ግን እሱ ከፈለ።