ሁለት ደብዳቤ፣ ሁለት ማሽን

ሐዋሳ ውስጥ አዲስ የቴክኒክ ማሠልጠኛ ሥራ በጀመረ በዓመቱ ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ሁለት የሠልጣኝ ቡድኖች አንድ ብረታ ብረት ቤት በር ላይ ተገናኙ። አንዱ ከነባሩ ኮሌጅ፣ ሌላው ከአዲሱ፤ ሁለቱም የትብብር ሥልጠና፣ ማለትም በሥራ ቦታ የሚሰጥ የተግባር ሥልጠና፣ ደብዳቤ ይዘዋል። በድምሩ አሥራ አንድ ልጆች። ቤቱ ያለው ሁለት የብየዳ ማሽንና አንድ ግራይንደር ነው። ባለቤቱ የነባሩን ኮሌጅ አሠልጣኝ፣ "መምህር፣ መቀበሉን እቀበላቸዋለሁ፤ ግን ምን ላስይዛቸው?" አሏቸው። ልጆቹ ገቡ፤ በወሩ መጨረሻ የሁሉም ሎግቡክ፣ የተግባር ሥራቸው የሚመዘገብበት ደብተር፣ ተፈረመ።

ጉዱ የታየው በብቃት ምዘናው ቀን ነው። ብዙዎቹ አርክ (ብረቱን የሚያቀልጠውን የኤሌክትሪክ ብልጭታ) ለማስነሳት ሲሞክሩ ኤሌክትሮዱ፣ እየቀለጠ የሚበየድበት ዘንግ፣ ላሜራው ላይ እየተጣበቀ አስቸገራቸው። ከበየዱት ላይ ደግሞ ሁለት ጥፋት ጎልቶ ወጣ። አንዱ አንደርከት ነው፦ አምፒሩ ሲበዛ ወይም አርኩ ሲረዝም የላሜራው ጠርዝ ይበላል። ሌላው ውስጥ የቀረ ስላግ (ብየዳው ላይ የሚጋገረው ቅርፊት) ነው፦ የመጀመሪያው መስመር ተቀጥቅጦ በሽቦ ብሩሽ ሳይጸዳ ሁለተኛው ሲደረብበት የሚመጣ። ሁለቱንም ክፍል ውስጥ ተምረዋቸዋል፤ ደብተራቸው ላይ አለ። እጅ ግን ከደብተር አይማርም።

ሒሳቡን እንሥራው። 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ 6013 የሚባለው የኤሌክትሮድ ዓይነት ከ90 እስከ 130 አምፒር ባለው መካከል ይሠራል፤ አንዱ ፍሬ ከአንድ ደቂቃ ብዙም ሳይርቅ ያልቃል። አምስት ኪሎ ፓኮ 150 ፍሬ አልፎ ይወጣዋል። ለአሥራ አንድ ሰው ሲካፈል ለአንዱ አሥራ አምስት ገደማ ይደርሰዋል፤ ይህ ሃያ ደቂቃ የማይሞላ ብየዳ ነው። ያም ባለቤቱ ፓኮውን ለልጆቹ ከሰጡ ነው። ደንበኛ የበር ፍሬም እየጠበቀ ማን ይሰጣል?

አዲስ ማሠልጠኛ ሲከፈት የሁሉም ወሬ "ተማሪ ሊወስድብን ነው" የሚል ነው። ተማሪው ግን የመጨረሻው ጉዳይ ነው። የ10ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ከቀረ ወዲህ የሠልጣኙ መምጫ ራሱ ተለውጧል፤ አብዛኛው ከ12ኛ በኋላ ነው የሚመጣው። ወደ አዲሱ ቀድሞ የሚሄደው ሲ ሌቭል የሚባለው የተግባር አሠልጣኝ ነው፤ ማሽን የሚያስይዘው፣ እጅ ይዞ የሚያሳየው እሱ ነው። ደመወዙ ዝቅተኛ ስለሆነ ትንሽ ጭማሪ ያንቀሳቅሰዋል። ቀጥሎ የሚያልቀው የከተማው ወርክሾፕ ነው። ሥልጠናው 70 በመቶ ተግባር ይሁን ሲባል ይህን ተግባር የሚሸከም ቦታ ግን በኮሌጅ ቁጥር ልክ አይጨምርም። ልብስ ስፌት ላይ ችግሩ ይለዝባል፤ በ2008 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ብየዳና አውቶ (የመኪና ጥገና) ግን ትንንሽ ቤቶች ላይ ነው የተንጠለጠሉት።

ከምዘናው በኋላ የሁለቱ ኮሌጆች የዲፓርትመንት ኃላፊዎች ቁጭ ብለው ቤቶቹን አንድ በአንድ ዞሩ። የቆጠሩት ካሬ ሜትር ሳይሆን የሚሠራ ማሽን ነው፤ ለአንድ ማሽን ሁለት ሠልጣኝ፣ አንዱ ሲበይድ ሌላው ያጸዳል፣ ያያል። ከዚያ ላይ ባለቤቱ ለራሳቸው ሥራ የሚፈልጉትን ማሽን ቀነሱ። በዚህ ሒሳብ ያ ብረታ ብረት ቤት የሚችለው አሥራ አንድ ሳይሆን ሁለት ሰው ሆኖ ተገኘ። ጊዜውንም ከፈሉት፦ አንዱ ኮሌጅ ኅዳር ላይ፣ ሌላው መጋቢት ላይ ይልካል። ክረምት ላይ ግንባታ ስለሚቀዘቅዝ ልጅ ቢላክም ከመቀመጥ በቀር ሥራ የለም። ደብዳቤው ብቻውን አይሄድም፤ ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ የሚበቃ ኤሌክትሮድና የግራይንደር ዲስክ ከኮሌጁ ስቶር ወጥቶ አብሮ ይሄዳል። ሎግቡኩ ላይም "ተሳትፏል" የሚለው ቀርቶ ያቃጠለው ኤሌክትሮድ ብዛት ይጻፋል።

እስካሁን ያልተስማሙበት የመብራት ሒሳቡ ነው። ባለቤቶቹ ቆጣሪው የሚቆጥረው በእኛ ስም ነው ይላሉ፤ ኮሌጆቹ ደግሞ ለዚህ የሚሆን የበጀት ርዕስ የለንም ይላሉ።